ባሕር ዳር የ8 ሳምንት የክረምት የአኒሜሽን ኮርስ፦ ምን ተዘጋጅቼ ልግባ?

ሸምበቆ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባሕር ዳር የሚሰጥ የአኒሜሽን የክረምት ኮርስ ልመዘገብ አስቤያለሁ። 8 ሳምንት ነው፤ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን አጭር ፊልም ያስረክባል ተብሏል።

በእርሳስ መሳል እችላለሁ፤ ሥዕል አንቀሳቅሼ ግን አላውቅም። ላፕቶፔ 8 ጊጋባይት ራም አለው፤ የተለየ የግራፊክስ ካርድ የለውም። ያሰብኩት ፊልም 20 ሰከንድ ሲሆን ሁለት ሰዎች ታንኳ ላይ ተቀምጠው በአማርኛ ይጨቃጨቃሉ። በ8 ሳምንት ይደርሳል ወይ? ከመመዝገቤ በፊት ትምህርት ቤቱን ምን ልጠይቅ? ኮርሱ እስኪጀመር ባሉት ሦስት ሳምንታትስ ቤት ሆኜ ምን ልለማመድ? ወረቀት ላይ ይሻላል ኮምፒውተር ላይ የሚለውም አልለየልኝም። የምታውቁ በዝርዝር ብትጽፉልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ባለእርሳስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ሰከንድ ፊልም 24 ፍሬም (በተከታታይ የሚታዩ ነጠላ ምስሎች) ነው። በእጅ ሲሳል አንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ስለሚያዝ በሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃል። 20 ሰከንድ 240 ሥዕል መሆኑ ነው፤ ያውም አንድ ሰው ብቻ ሲንቀሳቀስ። ሁለት ሲሆኑ 480። ለጀማሪ አንዱ ሥዕል ከረቂቅ እስከ ንጹሕ መስመር 15 ደቂቃ ቢወስድበት 480ው 120 ሰዓት ይበላል። ኮርሱ ራሱ ስንት ሰዓት ነው? 8 ሳምንት፣ 5 ቀን፣ 3 ሰዓት፤ ልክ 120። እንግዲህ ምንም ሳትማሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ ፊልሙን ብቻ ብትስዪ ነው የሚደርሰው፤ ቀለሙ፣ ድምፁና የጀርባው ሥዕል ገና ሳይነካ።

ስለዚህ 10 ሰከንድ ይሁን፤ አንድ ሰው ይሁን። ለፊልሙ የመጨረሻዎቹን 3 ሳምንታት ብትሰጪ 45 ሰዓት አለሽ። 120 ሥዕል 30 ሰዓት ይወስዳል፤ የቀረው 15 ሰዓት ለጀርባ፣ ለድምፅና ለእርማት ይሆናል። ሰውየው ዝም ብሎ በሚያይበት ቦታ አንዱን ሥዕል ለ12 ወይም ለ16 ፍሬም ያዢው፤ ሥራው ይቀንሳል፣ ተመልካቹም ፊቱን የሚያነብበው እዚያ ላይ ነው። ጭቅጭቁን ከወደድሽው ሁለተኛው ሰው ከሥዕሉ ውጭ ሆኖ ድምፁ ብቻ ይሰማ።

እኔ አጥብቄ የምልሽ አንድ ነገር ነው፦ ይህን ክረምት ለእንቅስቃሴ አውዪው። የሶፍትዌር ቁልፎች ከኮርሱ በኋላም ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ይለመዳሉ። እንቅስቃሴ ሲበላሽ ግን አጠገብሽ ተቀምጦ ወረቀቶቹን እያገላበጠ «ይቺኛዋ ትንሽ ዝቅ ትበል፣ ይቺን አውጫት» የሚልሽ ሰው ያስፈልጋል፤ ገንዘብሽን የምትከፍዪውም ለዚህ ነው። ትምህርት ቤቱን ስትጠይቂ ከዚሁ ተነሺ። ለአንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ አለው? 3 ሰዓት 180 ደቂቃ ነው፤ 12 ተማሪ ከሆናችሁ ለእያንዳንዳችሁ 15 ደቂቃ ይደርሳል፣ 30 ከሆናችሁ 6 ደቂቃ። በ6 ደቂቃ 12 ሥዕል አይታረምም። ቀጥሎ ያለፉት ተማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት የሠሩትን የሚነጥር ኳስ ልምምድ አሳዩኝ በያቸው። የምረቃውን ቀን ፊልም ብቻ የሚያሳዩሽ ከሆነ አትቸኩዪ፤ በተለይ ፊልሙ 3ዲ ከሆነ ገጸ ባሕርዩን ማን እንደሠራው ጠይቂ። ሞዴል መሥራት፣ አጥንት ማስገባት፣ ቀለም ማልበስና ማንቀሳቀስ እያንዳንዳቸው ለብቻ ሙያ ናቸው፤ በ8 ሳምንት አራቱንም አስተምራለሁ የሚል ኮርስ አራቱንም ያስነካል እንጂ አንዱንም አያስይዝም። ዝግጁ ገጸ ባሕርይ ሰጥቶ ማንቀሳቀሱን ብቻ የሚያስተምር ከሆነ ግን ጥሩ ኮርስ ነው።

አሁን ልምምዱ። ሦስቱንም ሳምንት ኳስ። ክቡን በመሳል ጊዜሽን አትጨርሺ፤ የ1 ብር ሳንቲም አስቀምጠሽ ዙሪያውን አስምሪ። የሚወድቅ ነገር እየፈጠነ ነው የሚወርደው፦ ከእጅ የተለቀቀ ነገር በ6 ፍሬም 30 ሳንቲ ሜትር፣ በ12 ፍሬም 1 ሜትር ከ20፣ በ24 ፍሬም 4 ሜትር ከ90 ይወርዳል። ጊዜው እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ወረቀቱን አግድመሽ ከላይ ወደ ታች 18 ሳንቲ ሜትር መስመር አውርጂና ከላዩ ጫፍ ጀምረሽ በ5 ሚሊ ሜትር፣ በ2 ሳንቲ ሜትር፣ በ4 ከግማሽ፣ በ8፣ በ12 ከግማሽ፣ በ18 ላይ ምልክት አድርጊ። ስድስት ሥዕል፣ 12 ፍሬም። ከላይ ይጠጋጋሉ፣ ከታች ይራራቃሉ። ጀማሪ ስድስቱን በእኩል 3 ሳንቲ ሜትር ያስቀምጣቸዋል፤ ኳሱም በገመድ ወደ ጉድጓድ እንደሚወርድ ባልዲ ይሆናል፤ ይወርዳል እንጂ አይወድቅም።

መሬት ሲነካ የሚጨፈለቀው በነካበት ሥዕል ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ሥዕል ይረዝማል፣ ሲነካ ይጠፈጠፋል፣ ወዲያው ሲነሣ እንደገና ይረዝማል። ይዘቱ ግን አይለወጥ፤ ወርዱ በሩብ ከጨመረ ቁመቱ በአንድ አምስተኛ ይቀንስ። ወርዱን ጨምረው ቁመቱን የማይነኩ አሉ፤ ኳሱ በየነጠረበት የሚያብጥ ይመስላል። ነጥሮ ግማሽ ከፍታ የሚደርስ ከሆነ ደግሞ የሚወጣበት ጊዜ ግማሽ አይሆንም፤ 0.7 ያህሉ ነው። በ12 ፍሬም ከወረደ በ8 ወይም በ9 ፍሬም ይወጣል። ይህ ሲሳካልሽ ያንኑ መስመር ይዘሽ የጨርቅ ኳስና የእግር ኳስ ለየብቻ ሥሪ። የጨርቁ አንዴ ጠፍጠፍ ብሎ በትንሹ ተነሥቶ ያርፋል፤ የእግር ኳሱ አምስት ስድስት ጊዜ ይነጥራል። ያየ ሰው ምን እንደሆኑ ሳትነግሪው ከለያቸው፣ ኮርሱን ከብዙዎች ቀድመሽ ጀምረሻል።

ከኳስ ቀጥሎ የሚወዛወዝ ገመድ፣ ከዚያ በግማሽ የተሞላ የዱቄት ከረጢት፣ ከዚያ የሰው እርምጃ ነው የሚመጣው። እርምጃ ላይ ስትደርሱ አንዱ 12 ፍሬም ነው ብለሽ ጀምሪ። አራት አቋም አለው፦ ተረከዝ ሲነካ፣ ክብደት ሲያርፍና ጉልበት ሲታጠፍ፣ አንዱ እግር ሌላውን ሲያልፍ፣ አካል ወደ ላይ ሲገፋ። ራስ በሁለተኛው ዝቅ፣ በአራተኛው ከፍ ይላል፤ ይህ ከተረሳ ሰውየው ጋሪ ላይ ቆሞ የሚገፋ ነው የሚመስለው። ውኃ የሞላ ጀሪካን ያዘለች ሴት ከሆነች ዝቅታው ይጠልቃል፣ ሁለቱም እግሮች አብረው መሬት ላይ የሚቆዩበት ጊዜ ይረዝማል፤ እርምጃውን 16 ፍሬም አድርጊው።

ጣና ዳር፦

ባለእርሳስ የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አልስማማም። ንጹሑን መስመር ወረቀት ላይ አታውጪ። ረቂቁንና እንቅስቃሴውን ወረቀት ላይ ጨርሺ፣ በስልክ አንሺው፣ መስመሩንና ቀለሙን ኮምፒውተር ላይ ሥሪ። ምክንያቱ የባሕር ዳር ክረምት ነው። በሐምሌና በነሐሴ 80 ግራም ኤ4 ወረቀት እርጥበት ይጠጣና ይለሰልሳል፤ ላጲስ ሲነካው ይላላጣል። ላይት ቦክሱ (ከሥሩ መብራት ያለው የመሣያ ሣጥን) ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ከሥር ሙቀት ያገኘውና ጠርዙ ይጠቀለላል። ወረቀት እርጥበት ሲጠጣ ስፋቱም በጥቂቱ ይለወጣል፤ ትናንት የሣልሽውና ዛሬ የሣልሽው መስመር ሳይገጥም ይቀርና ፊልሙ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ወረቀቱን ከመስኮት አርቀሽ በተዘጋ ላስቲክ ውስጥ አስቀምጪ፣ የዕለቱን 20 ቅጠል ብቻ አውጪ፣ የአንዱን ትዕይንት ሥዕሎች በተቻለ መጠን በተከታታይ ቀናት ጨርሻቸው።

ሥዕሎቹ አንዱ ባንዱ ላይ በትክክል እንዲያርፉ ፔግ ባር የሚባል የወረቀት መያዣ ያስፈልጋል። የአኒሜሽኑን ካላገኘሽ የቢሮው ባለሁለት ቀዳዳ ወረቀት መብሻ ይበቃል፤ ቀዳዳዎቹ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው፣ ከመሐል እስከ መሐል 80 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። 30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ድቡልቡል የእንጨት ዘንጎች በ80 ሚሊ ሜትር ርቀት አጣብቂ፤ ቁመታቸው 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ርቀቱ በ1 ሚሊ ሜትር ከተሳሳተ ወረቀቱ መሐሉ ላይ ይነፋል ወይም ቀዳዳው ይቀደዳል። ስለዚህ ከማጣበቅሽ በፊት አንድ የተበሳ ወረቀት ዘንጎቹ ላይ አልብሰሽ ልኪ። በአንድ ጊዜ ከ5 ቅጠል በላይ አትብሺ፤ የበዛ እንደሆነ የታችኞቹ ይንሸራተታሉ። የምትበሺው በረዥሙ ጠርዝ በኩል ነው፤ ወረቀቱ ሲጋደም ቀዳዳው ከታች ይሆንና ከላይ በግራ እጅሽ ጣቶች መሐል አምስቱን ቅጠል እየጣልሽ እያነሣሽ እንቅስቃሴውን ታያለሽ። ይህን ማገላበጥ ከመጀመሪያው ቀን ልመጂው፤ ሳይገላበጥ የተሣለ ሥዕል በአብዛኛው ተመልሶ ይሣላል።

ላይት ቦክሱን አናጺ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። 30 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 10፣ ከላይ 5 ሚሊ ሜትር መስተዋት፣ ከመስተዋቱ ሥር መብራቱን የሚያለሰልስ ትሬሲንግ ወረቀት፣ ከውስጥ ባለ12 ቮልት ነጭ ኤልኢዲ ስትሪፕ። ጥልቀቱ ከ8 ሳንቲ ሜትር ካነሰ የአምፖሎቹ ነጠብጣብ በወረቀቱ ውስጥ ይታይና ዓይን ያደክማል። በሜትር 4.8 ዋት የሚወስደውን ዓይነት 1 ሜትር ካስገባሽ 0.4 አምፔር ብቻ ነው የሚስበው፤ መብራት ቢጠፋ 7 አምፔር ሰዓት ያለው ባለ12 ቮልት ባትሪ ከ10 ሰዓት በላይ ያሠራሻል። ክረምት ላይ ለረቂቁ ወረቀት የምመርጠው ለዚህም ነው።

ፎቶ ስታነሺ ፔግ ባሩን ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር አጣብቂ፣ ስልኩን ከላይ ቁልቁል አስሪ፣ ወረቀቶቹን በየተራ ዘንጎቹ ላይ እያለበስሽ አንሺ። ስልኩም ፔግ ባሩም እስካልተነቃነቁ ሥዕሎቹ ይገጥማሉ። ስካነር ካለ 200 ዲፒአይ (በኢንች 200 ነጥብ) በቂ ነው፤ ኤ4 በዚህ ልክ 2339 በ1654 ፒክስል ይወጣዋል፣ ለ1920 በ1080 ይተርፋል። በ150 ስካን ካደረግሽው ግን ወርዱ 1754 ይሆንና አይበቃም።

ላፕቶፕሽ ይሠራል። አንድ ያልተጨመቀ 1920 በ1080 ሥዕል 8.3 ሜጋባይት ራም ይይዛል፤ 120 ሥዕል 1 ጊጋባይት ገደማ ነው። ረቂቅ፣ መስመርና ቀለም በሦስት ሌየር (አንዱ ባንዱ ላይ በሚነባበር የሥዕል ድርብ) ሲሆኑ 3 ጊጋባይት። ብራውዘር ከፍተሽ ከሠራሽ 8ቱ ጊጋባይት እዚያው ያልቅና ማሽኑ ይንተፋተፋል። በ1280 በ720 ሥሪ፤ አንዱ 3.7 ሜጋባይት ብቻ ስለሚሆን ጫናው ከግማሽ በታች ይወርዳል። ፕሮግራሙ ክሪታ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከከበደሽ ፔንስል ቱዲ ይቀላል። ኦፕንቱንዝም ከ2016 ጀምሮ በነፃ የሚገኝ ነው፣ ለወረቀት ሥዕል በጣም ይመቻል፤ አጠቃቀሙን ለመልመድ ግን ሁለት ሳምንት ይበላልና ለዚህ ክረምት አልመክርሽም።

ትምህርት ቤቱ ብሌንደር የሚባለውን የ3ዲ ፕሮግራም የሚያሠራ ከሆነ ሬንደሩን (ኮምፒውተሩ አስልቶ የሚያወጣውን የመጨረሻ ምስል) በቪዲዮ ፋይል አታውጪ። 240 ፍሬም እያንዳንዱ 2 ደቂቃ ቢፈጅ 8 ሰዓት ነው። በሰባተኛው ሰዓት መብራት ቢሄድ ያላለቀ ኤምፒ4 አይከፈትም፣ ሁሉም ከንቱ ይሆናል። በፒኤንጂ የሥዕል ፋይል ፍሬም በፍሬም አውጪ፣ ኦቨርራይት የሚለውን ምልክት አጥፊ፤ መብራት ሲመለስ ካቆመበት ፍሬም ይቀጥላል። ፋይልሽን በቁጥር እየለየሽ አስቀምጪ፤ ታንኳ 01፣ ታንኳ 02 እያልሽ። በአንድ ስም ላይ ደጋግሞ የሚያስቀምጥ ሰው፣ በማስቀመጥ ላይ እያለ መብራት የጠፋበት ዕለት የሚመለስበት ፋይል የለውም።

የተማሪ አባት፦

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ከዚሁ ጋር ይሄዳል ብዬ ነው። ልጄ 13 ዓመቱ ነው፤ እሱም መመዝገብ ይፈልጋል። ሥዕል ብዙም አይችልም፤ ጭቃና ሽቦ መነካካት ግን ይወድዳል። ኮምፒውተር ቤት የለም፣ የኔ ስልክ ነው ያለው። ጊዜውን ከማባከን ለሱ የሚሆን ነገር ይኖራል?

ፕላስቲሲን፦

ጋሼ፣ እንዲያውም ለእሱ የሚሆነው ስቶፕ ሞሽን ነው። ሥዕል አይጠይቅም። አሻንጉሊቱን በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ ፎቶ ማንሣት ነው፤ በሰከንድ 12 ፎቶ ከሆነ ለ5 ሰከንድ 60 ፎቶ ይበቃዋል። ትምህርት ቤቱን በዕድሜው ከሚሆኑ ልጆች ጋር ያስገቡት እንደሆነና ስቶፕ ሞሽን እንዳላቸው ብቻ ይጠይቁ።

አሻንጉሊቱ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን። አጥንቱ 2 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ሽቦ ሆኖ ሁለት ተደርቦ ይጠመዘዝ። የግንበኛ ማሰሪያ ሽቦ አይግዙለት፤ ብረት ስለሆነ ከአሉሚኒየም ይልቅ ሲታጠፍ ወደ ኋላ ይመለሳል። ፕላስቲሲኑ በሽቦው ላይ እንዳይንሸራተት ሽቦውን አስቀድሞ ቀጭን ክር ያልብሰው። እግሩ ካልተያዘ ግን ሁሉም ነገር ይወድቃል፤ መሬቱ ወፍራም ስታይሮፎም ይሁንና እግሩን ከላይ በስፒል ይውጋው።

ስልኩን በተመለከተ ሦስት ነገር እለምንዎታለሁ። ፎከሱንና ብርሃኑን ይቆልፉለት፤ ስክሪኑ ላይ ጣት ተጭኖ ሲቆይ አብዛኛው ስልክ ይቆልፋል። ይህ ካልተደረገ እጁ በገባና በወጣ ቁጥር ስልኩ ብርሃኑን ራሱ ያስተካክላል፤ ፊልሙም ብልጭ ድርግም ይላል። ሁለተኛ፣ መስኮት አጠገብ አይሥራ። በክረምት ደመና ሲመጣና ሲሄድ 60ው ፎቶ በ60 ዓይነት ብርሃን ይነሣል። መጋረጃ ዘግቶ በሁለት ኤልኢዲ መብራት ይሥራ። የኛ የኤሌክትሪክ ኃይል በሰከንድ 50 ዙር ስለሚመታ የስልኩ ካሜራ የሹተር (ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ማስተካከያ ካለው 1/50 ወይም 1/100 ላይ ይደረግ፤ በሌላ ፍጥነት አንዳንዱ አምፖል በፎቶው ላይ ይርገበገባል። ሦስተኛ፣ ሲያነሣ ስልኩን አይንካው፤ በጆሮ ማዳመጫው የድምፅ ቁልፍ ማንሣት ይቻላል፤ ጥሪ እንዳይገባም የአውሮፕላን ሞዱ ይብራ።

እንቅስቃሴው ራሱ ባለእርሳስ እንዳለው ነው፤ ሲጀምር በ2 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎ በ4፣ በ6፣ ሲያቆም እንደገና በ4፣ በ2። ልጆች የመጨረሻውን ቦታ ስለሚረሱ አንዲት ሽቦ ቆማ ጫፏ የአሻንጉሊቱን አፍንጫ እንድትነካ ያድርግ፣ ከዚያ አሻንጉሊቱን ያንቀሳቅስ፤ በሽቦውና በአፍንጫው መሐል ያለው ክፍተት ስንት እንደሄደ ያሳየዋል። ፎቶ ከማንሣቱ በፊት ሽቦዋን ማውጣት እንዳይረሳ።

ፊደል፦

ሸምበቆ፣ በአማርኛ ይነጋገራሉ ያልሽው ነገር በኮርሱ ላይ ላይሸፈን ይችላል፤ ብዙዎቹ የአፍ ቅርጽ ሰንጠረዦች ለእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ናቸው። የኛ ፊደል ግን በራሱ ሰንጠረዥ ነው። ሰባቱን ቤቶች አስቢያቸው፦ ራብዕ አፍ ሙሉ ይከፈታል፣ ግዕዝ በግማሽ፣ ሳድስ ጭራሽ ተከፈተ አይባልም። ካዕብና ሳብዕ ከንፈር ያሞጠሙጣሉ፤ ሳብዕ ሰፋ ይላል። ሣልስና ኃምስ ወደ ጎን ይለጠጣሉ፤ እነዚህን ሁለቱን በአንድ ሥዕል ብትወክያቸው ማንም አይነቃብሽም። በዚህ ላይ ለመ፣ በ፣ ፐ እና ጰ የተዘጋ ከንፈር፣ ለፈ ደግሞ የላይ ጥርስ የታች ከንፈርን ሲነካ ጨምሪ። ስምንት የአፍ ሥዕል ይሆናል፤ ለ10 ሰከንድ ፊልም ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ቋ፣ ኳ፣ ጓ ሲመጡ አዲስ ሥዕል አትሣዪ፤ የካዕቡን ለ2 ፍሬም አሳይተሽ ወደ ራብዕ ክፈቺው።

በጥንቃቄ የምትሠሪው መጥበቅና መላላትን ነው። «ልጁ ከበሮውን ይመታል» እና «ከበሮው ይመታል» ሲጻፉ ግሱ አንድ ነው። በሁለተኛው ግን «መ» ይጠብቃል፤ ከንፈር ተዘግቶ ይቆያል። ለላላው መ ከንፈሩን 2 ፍሬም ዝጊ፣ ለጠበቀው 4። በ2 ፍሬም ያለፍሽው እንደሆነ ድምፁ «ይመታል» ብሎ አጥብቆ ሲናገር ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ሌላ ነገር የሚል ይመስላል፤ አማርኛ ተናጋሪ ተመልካች ምክንያቱን ባይነግርሽም ይሰማዋል። ከ2 ፍሬም በታች ደግሞ አትዝጊ፣ ዓይን አይደርስበትም። በሰከንድ 5 ቀለም (ፊደል) የሚናገር ሰው ለአንዱ ቀለም 5 ፍሬም ገደማ ብቻ ስለሚኖረው ሳድሶቹን ዝለያቸው፤ እያንዳንዷን ቀለም የሚከተል አፍ ያኝካል እንጂ አይናገርም። አፉም ከድምፁ 1 ወይም 2 ፍሬም ይቅደም፤ ቢዘገይ ወዲያው ይታወቃል።

ራባርብ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ድምፁን ሰምቶ የአፍ ቅርጾቹን በጊዜ ያስቀምጥልሻል። ሲከፈት ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ስለሆነ ፎኔቲክ ወደሚለው ቀይሪው፤ ከዚያም በኋላ የተዘጉትን ከንፈሮች አንድ በአንድ ራስሽ ፈትሺ። ድምፁን ደግሞ ሥዕል ሳትጀምሪ ቅጂ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የተቀዳ ንግግር በምንም አይጸዳም፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ጠብቂ፣ ባዶ ክፍል ያስተጋባልና ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ከፊትሽና ከጎንሽ ስቀዪ። ፊልሙ አንድ ቀን ለቴሌቪዥን ይሰጣል ካላችሁም ከመጀመሪያው በ25 ፍሬም ሥሪው፤ በ24 የተሣለውን በኋላ መቀየር የአፉን ልክ ሁሉ ያዛባዋል።

ሸምበቆ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወሰንኩ፤ 10 ሰከንድ፣ አንድ ሰው፣ ሁለተኛው በድምፅ ብቻ። ሁለት ነገር ልጨምርባችሁ። ታንኳዋ ውኃ ላይ ስትንቀሳቀስ ለ10 ሰከንድ በሙሉ መሳል አለብኝ? ሰውየውንስ በጣና ገዳማት የግድግዳ ሥዕል ዓይነት፣ በትልልቅ ዓይኖች ብሥለው እንዴት ይንቀሳቀሳል?

ባለእርሳስ፦

ታንኳዋን አንድ ዙር ብቻ ነው የምትስዪው። አንድ ጊዜ ወጥታ እስክትወርድ 40 ፍሬም አድርጊው፤ 20 ሥዕል ነው፣ 6 ጊዜ ሲደጋገም ልክ 240 ፍሬም ይሞላል። 21ኛውን ሥዕል ከ1ኛው ጋር አንድ አድርገሽ እንዳትስዪው፤ 20ኛው ወደ 1ኛው በቀጥታ ይዙር። አንድ ሥዕል ሁለት ጊዜ ከገባ በየዙሩ ታንኳዋ ትንሽ ቆም ትላለች። የደንገል ታንኳ እንደ ቅጠል አይታጠፍም፤ ታስሮ የጠነከረ ነዶ ነው፣ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድም ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። አፍንጫው ቀድሞ ይነሣል፣ ኋላው ይከተላል፤ የሰውየው ወገብ ከታንኳዋ 1 ሥዕል፣ ራሱ 2 ሥዕል ዘግይቶ ይምጣ። ሦስቱም እኩል ከተነሡ ከታንኳዋ ጋር በምስማር የተመታ ሰው ይሆናል። ሐይቁ ዳር ወርደሽ ታንኳ በስልክሽ በ60 ፍሬም ቅረጺ፤ ከየ5ቱ አንዱን ስትወስጂ በሰከንድ 12 ሥዕል ይሆንልሻል፣ የዙሩንም ርዝመት ቆጥረሽ ታገኚዋለሽ። እኔ ያልኩሽ 40 ለመነሻ ነው።

ማዕበሉን መስመር በመስመር አትከተዪ። ሦስት የውኃ ሌየር ይበቃል፤ የፊተኛው በ40፣ የመሐሉ በ60፣ የኋላው በ120 ፍሬም ይዙር። ሦስቱም 240ን ስለሚያካፍሉ ፊልሙ ሲያልቅ አብረው ይዘጋሉ።

ስለ ሥዕሉ ዓይነት፣ ምርጫሽ ለዚህ ሥራ በጣም ይስማማል። ወፍራም ጥቁር መስመርና ያልተሸጋገረ ቀለም ስለሆነ በኮምፒውተር ቀለም ማልበሱ ፈጣን ነው። በዚያ ሥዕል ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሰውየው ፊት ለፊት የሚያይ ከሆነና በመሐል ዞር ካለ፣ ሳታስቢው ሌላ ትርጉም ልትሰጪው ትችያለሽና አስቢበት። በዚህ ሥልት ፊት ቀስ ብሎ አይዞርም፤ የመሐሉ አቅጣጫ ስለሌለ ቀስ ብለሽ ያዞርሽው እንደሆነ ዓይኖቹ ፊቱ ላይ ይንሳፈፋሉ። የፊት ለፊቱንና ሩብ የዞረውን ሁለት ራስ ብቻ ሣዪ፤ መጀመሪያ ዓይኑን ይጨፍን፣ 2 ፍሬም፣ በተጨፈነበት ራሱን ቀይሪው፣ ከዚያ ይግለጥ። ከራሱ ቀድሞ ብሌኑ ወደሚዞርበት ይሂድ፤ ዓይኖቹ ትልልቅ ስለሆኑ ግማሹን ትወና እነሱ ይሸከሙልሻል።

ሥዕሎቹን በአካል ለማየት ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሂጂ፤ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን የተሣለ ነው፣ ሴቶችም ይገባሉ። ክብራን ገብርኤል ከከተማው ይቀርባል ግን ለሴቶች አይፈቀድም። ፎቶ ከማንሣትሽ በፊት አባቶችን አስፈቅጂ፣ ፍላሽ አታብሪ፤ ደብተርና እርሳስ ይዘሽ ብትሄጂ ደግሞ ይበልጣል። አንድን ፊት ለግማሽ ሰዓት ስትቀጂ ቅንድቡ ከአፍንጫው ጋር በአንድ መስመር እንደሚያያዝ ታያለሽ፤ ያቺን መስመር ካገኘሻት 120ውም ሥዕል ላይ ሰውየው ያው ራሱ ሰውዬ ይሆናል።